ባዶና ዜሮ

ስልኬ ላይ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ነበር፤
በጥፍሬ ፋቅኩና ማንበብ ጀመርኩ ከሥር፦
ረዳት ተመራማሪ። ብዛት፣ አንድ። ዶሃ።
የማንግሮቭ ጥናት፣ ጨው በጠገበ ውሃ።
ደመወዝ፣ በስምምነት።
(እኔ ከራሴ ጋር ቀድሜ ተስማምቻለሁ።)
ተፈላጊ ችሎታ፦ ናሙና መለየት፣
ስታቲስቲክስ ማወቅ፣ ጀልባ ላይ መሰንበት፣
ሪፖርት በወቅቱ፣ ኮድ መጻፍ፣ ማንበብ፣
ከቡድን መግባባት፣ ለብቻም ማሰብ።
ልምድ፣ ሦስት ዓመት።

ልምዴ ስድስት ነው፦
ሁለቱ ባሕር ዳር፣ አራቱ ባሕሩ ዳር።
እዚያ፣ የአምባዛን እንቁላል በግራም ስቆጥር፤
እዚህ፣ በገበያው አዳራሽ፣ ከበረዶው ጀርባ፣
ሃሙር ስመዝን፣ ሳፊ ስጠርግ፣ በጓንት ስወጣ ስገባ።
ስንጥቡን ገልጬ መቼ እንደሞተ ዐውቃለሁ፤
ይህንን በየትኛው ሳጥን እሞላለሁ?

ሻጂ ከዳቦ ክፍል፣ አገሩ የሒሳብ መምህር የነበረ፣
ሌሊት ሊጡ ኩፍ እስኪል ኮድ እያስተማረ፣
“ኮማ ረሳሽ” ይለኛል፣ ዱቄት በነካው ጣቱ፤
ከዚያ ይሮጣል፣ ምድጃው ሲጠራው በጩኸቱ።

ማመልከቻዬን ሁሉ በደብተር መዘገብኩ፤
ተራ ቁጥሩን በግዕዝ፣ ከ፩ ጀመርኩ።
ቀኑን፣ ተቋሙን፣ የላክሁበትን ሰዓት፣
የአየሩን ሙቀት ጭምር፤ የጀልባ ልማድ ናት።
የመጨረሻው ዓምድ፣ መልስ። እዚያ ብዕሬ ዝም።
በግዕዝ አንድ አለ፣ መቶ አለ፣ ዜሮ ግን የለም።
ከዋጋ መለጠፊያው የዐረብኛውን ተዋስኩ፤
አንዲት ነጥብ ናት፣ የዓሣ እንቁላል የምታህል፤ በእሷ ጻፍኩ።
ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ። እስከ ፷፩ ድረስ።
አራቱ “እናዝናለን” አሉ፤ አንድ ጻፍኩላቸው፤
እምቢታም መልስ ነው፣ አይነፈግም ድርሻቸው።

ስልሳ ሁለተኛው ጠራኝ።
ነሐሴ ነው፤ የዶሃ አየር እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ፊቴ ላይ ተጣለ፤
እጄን በሎሚ አሽቻለሁ፣ ከሎሚው ሥር ግን ዓሣው አለ።
ዶክተር ኑሃ፣ የፖርት ሱዳን ልጅ፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣
“የሰበሰብሽው መረጃ ካለ፣ እስቲ ልይ።”
የባሕር ዳሩ በቢሮው ኮምፒውተር ቀርቷል፤
ኮምፒውተሩ የት እንዳለ እንጃ።
ቦርሳዬ ውስጥ ያ ደብተር ብቻ ነበር።
ሰጠኋት።

ብዙ አነበበች። ማቀዝቀዣው ያጓራል።
“እነዚህ ነጥቦች?”
“ዜሮዎች ናቸው።”
“ለምን ጻፍሻቸው?”
“መረብ ጥለን ባዶውን ሲወጣ፣
ባዶውን ወጣ ብለን ካልጻፍን
ነገ የሚያነበው ሰው ያልጣልን ይመስለዋል።
ጥዬ ነበር። ያ እንዲታወቅ ነው።”

አልሳቀችም። አልተገረመችም። የሆነ ነገር ጻፈች፤
“ሙቀቱስ?” “ልማድ ነው።” ሌላ ገጽ ገለጠች።
ስለ ኮዱም ጠየቀችኝ፤ ግማሹን መለስኩ፣
ግማሹን “አላውቅም” አልኩ።
እሱንም ጻፈችው።

በአውቶቡስ ስመለስ ደብተሬን ከጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።
ተራ ቁጥር ፷፪። ሙቀት ፵፩። መልስ ፩።
ከጎኑ፣ አውቶቡሱ እያነጠረኝ፣ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፦
ሥራ።
እጄ በልማዷ ነጥብ ልትጥል ስትል ያዝኳት።
ዜሮ ማለት ጣልኩ፣ ሳብኩ፣ የለም ማለት ነው፤
ይህ ግን አልተሳበም።
ሁለት ነጥብ ቃል ይለያል፣ አራት ነጥብ ነገር ይዘጋል፣
ትምህርት ቤት ያስተማሩን እሱን ነው፤
ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ እንዴት እንደሚያነቡት ግን
ዛሬ ሳልማር አልቀረሁም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ፈረቃዬ ነው።
ጓንቴን ገልብጬ አሰጣሁት።
ዓምዱን ባዶ ተውኩት፣
አራት ነጥብም አላኖርኩበት